ለግቢው ሁሉ የነቃሁበት ዓመት

ተከራይቼ የምኖርበት ግቢ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለቴ ነው፤ ረቡዕ ሌሊትና ቅዳሜ ሌሊት። ስምንት ሰዓት ገደማ ቧንቧው መጀመሪያ ያስላል፣ ከዚያ አየር ይተፋል፣ ከዚያ ቡናማ ውሃ ያወርዳል፣ በመጨረሻ ንጹሑ ይመጣል። አንድ ሰዓት ቆይቶ ይሄዳል። ሀዋሳ ሐይቅ አጠገብ ተቀምጦ ውሃ በሌሊት መጠበቅ ለእንግዳ አይገባውም። ማስረዳት ስለሚያደክመኝ ትቼዋለሁ።

ይሄን ሁሉ በዝርዝር የማውቀው እንቅልፍ ስለማይወስደኝ ነው። አራት ሰዓት ላይ እተኛለሁ፤ ማለቴ እጋደማለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ የኮርኒሱን እድፍ አንድ በአንድ አይቼ ጨርሻለሁ። ሰባት ሰዓት ላይ ዘጠነኛ ክፍል ሆነን ለሰደበችኝ ልጅ መልስ እሰጣታለሁ። ግሩም መልስ ነው፤ በዚያን ጊዜ ቢመጣልኝ ኖሮ ትምህርት ቤት ትቀይር ነበር።

አንድ ረቡዕ የራሴን ጀሪካን ሞልቼ ውሃው ገና ስላልሄደ የአከራዬን በርሜል ሞላሁላቸው። አከራዬ ስልሳ ያለፋቸው፣ ከመጨረሻ ሴት ልጃቸው ጋር የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ጠዋት መረቁኝ። ቅዳሜ ማታ በሬ ላይ አራት ጀሪካን ተደርድሮ አገኘሁ። ማን እንዳስቀመጠው የነገረኝ የለም። ወሩ ሳያልቅ አሥራ አራት ደረሱ፤ ክዳን የጠፋው በፌስታል ታስሮ፣ የሚያፈሰው በማስቲካ ተደፍኖ። ከጎኔ ያለችው አስተማሪ ጭራሽ ገላ መታጠቢያ ሳፋዋን ጨመረችበት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኳት።

«አንቺ እንደሆነ አትተኚም» አለችኝ።

ልዋሽ አልፈልግም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ከቀረሁ ወዲህ ለማንም እንደዚያ አስፈልጌ አላውቅም።

ጎሕ ሊቀድ ሲል ትንሽ ሸለብ ካደረገኝ ደግሞ ሕልሙ አለ። ፈተና አዳራሽ ውስጥ ነኝ። ፈታኙ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ፣ የዓሣ አንጀት ሲጠብቅ የሚውለው ያ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ፣ አባ ኮዳ ነው፤ ኮት ለብሶ፣ ክንፉን ወደኋላ አጣምሮ፣ በወንበሮቹ መሃል ይንጎራደዳል። እኔ ጋ ሲደርስ ያንን ረጅም አፉን ወረቀቴ ላይ ያሳርፍና «አድሚሽን ካርድ?» ይለኛል። እጄን ኪሴ ስከት የማገኘው የጀሪካን ክዳን ነው። እየጮኽኩ እነቃለሁ። እትዬ ከግድግዳው ማዶ «በስመ አብ!» ይላሉ።

ይሄ ሁሉ ይቅር፤ ችግሩ ሥራዬ ላይ ደረሰ። መሃል ከተማ አንድ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ማመልከቻ እጽፋለሁ። አንድ አባት ጎረቤታቸው አጥሩን ገፍቶ መሬታቸውን እንደወሰደባቸው አቤቱታ አጻፉኝ። ጽፌ ሰጠኋቸው፤ ሳያነቡ ይዘው ሄዱ። በማግስቱ ተመልሰው መጥተው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «አጥሩን ወደ እኔ ይዞታ በመግፋት» ከሚለው በኋላ ገጹ እስኪያልቅ ህህህህህህህህህህ ይላል። ጣቴ ቁልፉ ላይ እያለ እንቅልፍ ወስዶኝ ኖሯል። ስነቃ መለስ ብዬ ሳላየው የፊርማ ቦታውን ጨምሬ አትሜዋለሁ።

አሠሪዬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ሰውየው አቤት ሲሉ አንቺ ትስቂባቸዋለሽ?»

«አልሳቅኩም ጋሼ። ተኝቼ ነው።»

«እሱ ይብሳል! ስሚኝ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ አንገትሽ ሲወድቅ ካየሁ፣ ቤትሽ ሄደሽ በሰፊው ተኚ።»

እሳቸው ቀልደው አያውቁም። ሥራው ከሄደ ክፍሉም ይሄዳል። ክፍሉ ከሄደ ወደ እናቴ ቤት ተመልሼ ከሁለት ታናናሾቼ ጋር አንድ አልጋ ላይ ልጠማዘዝ ነው። ስለዚህ መተኛት ነበረብኝ።

ግቢው ሁሉ ሐኪም ሆነ። ወተት በማር ጠጪ አሉኝ፤ ጠጣሁ፤ ሌሊቱን ሽንት ቤት ስመላለስ አደርኩ። አስተማሪዋ «የፊዚክስ መጽሐፍ አንብቢ፤ እኔ ክፍል ውስጥ አምስት ደቂቃ የሚቋቋም ተማሪ የለም» ብላ አዋሰችኝ። አነበብኩ። ተማሪ ሳለሁ ያልገባኝ ነገር ሁሉ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁልጭ ብሎ ገባኝ፤ ከንዴት የተነሳ ጭራሽ ነቃሁ። እትዬ ጸበል ረጩኝና እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ አድርገው «እንቅልፍ ይስጥሽ የኔ ልጅ» አሉኝ፤ ትንሽ አስበው «ከረቡዕና ከቅዳሜ በስተቀር» ብለው ጨመሩበት።

በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ጠየቀችኝ፤

«ሌሊት ከአልጋ ትነሻለሽ?»

«ውሃ ልቀዳ እነሳለሁ።»

«ለራስሽ?»

«ለአምስት ቤት።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ተይ እንጂ!»

መድኃኒት ትሰጠኛለች ብዬ ነበር፤ ምክር ሰጠችኝ። ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መተኛት፣ በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት፣ ስልክ ከክፍል ማውጣት፣ ከምሳ በኋላ ቡና የለም፣ ለማንም ጀሪካን ብሎ መነሳት የለም።

ግቢ ገብቼ እንዳለ ነገርኳቸው። «ከዛሬ ጀምሮ ውሃ አልቀዳም።» አስተማሪዋ ሳፋዋን እንደ ተቀማ ርስት ተሸክማ ሄደች። እትዬ ግን ክንዴን ያዙኝ።

«የዚህን ቅዳሜ ብቻ። እሑድ ለልጄ ሽማግሌ ሊመጣ ነው። ያለ ውሃ ሰው ፊት ልታቆሚኝ ነው?»

«የዚህን ቅዳሜ ብቻ» አልኩ። ምን ልበል?

ረቡዕ አልተነሳሁም፤ ግን አልተኛሁምም። ሐሙስና ዓርብ ያው ነው። ቅዳሜ ማታ በርሜሉንና ጀሪካኖቹን በር ላይ ደርድሬ፣ ሹራቤን ሳላወልቅ፣ ቧንቧው እስኪያስል ለትንሽ ጊዜ ጋደም አልኩ።

በሬ ሲደበደብ ነቃሁ። ፀሐይ መስኮቱን አልፋ ብርድ ልብሴ ላይ ወጥታለች።

«ሞታ ይሆናል፤ በሩን ስበሩት!» ትላለች አስተማሪዋ።

ከፈትኩ። እትዬ ባዶ ጆግ ይዘው ቆመዋል።

«ተኝተሽ ነው?» አሉኝ። ሌባ ሲያዝ የሚጠየቀው በዚህ ድምፅ ነው።

«ተኛሁ።»

«ዛሬ? ከቀን ሁሉ መርጠሽ ዛሬ?»

ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት አዛጋሁ፤ በንቀት አልነበረም፤ ከአንጀቴ ነበር የመጣው። ከዚያ ጫማዬን አጠለቅኩ። ባጃጅ ጠርቼ ጀሪካኖቹን ጫንኩና የውሃ ጉድጓድ ያላቸው ሰዎች ጋ፣ ሦስት ሰፈር ተሻግሬ ሄድኩ። ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። ሹፌሩ «ምን በልተሽ ነው?» አለኝ፤ ሁለት ሁለት ጀሪካን አንጠልጥዬ ስሮጥ አይቶ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኝቼ ነበር፤ ቢሰጡኝ በርሜሉንም እሸከመው ነበር። ሽማግሎቹ ደግሞ ከተባለው ሁለት ሰዓት ዘግይተው መጡ። እጃቸውን ታጠቡ፣ በሉ፣ መረቁ፣ ሌላ ቀን ተቀጥሮላቸው ሄዱ።

ማታ እትዬ ጥብስ በሰሃን ይዘው ክፍሌ መጡ። ከክፍሉ ያስወጡኛል ብዬ ነበር። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እንዴት አድርጎ ወሰደሽ ግን?» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እንጃ እትዬ። ለምን?»

«እኔስ ባለቤቴ ከሞቱ ወዲህ መች ተኝቼ አውቃለሁ?»

ቀና ብዬ አየኋቸው። «ታዲያ ትናንት ሌሊት ውሃው ሲመጣ...»

«ሰምቻለሁ። አሁን ትነሳለች፣ አሁን ትነሳለች ስል ሄደ።»

«ዓመቱን ሙሉ ነቅተው ነበር? እኔ ያንን ሁሉ ስጎትት?»

«ምን ላድርግ፣ ብርዱ!» አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እየሳቁ ነበር። መናደድ ነበረብኝ፤ ግን ጥብሱ ግሩም ነበር፤ ደግሞ ክፍሌ አልሄደም።

ሰኞ ቀኑን ሙሉ ጻፍኩ። አሠሪዬ በየሰዓቱ በመስታወቱ አጮልቀው አንገቴን ያዩ ነበር፤ ማታ «ደህና ነሽ?» አሉኝ፤ ከእሳቸው ይሄ ሽልማት ነው።

አሁን ውሃውን የሚቀዱት እትዬ ናቸው፤ ራሳቸው ናቸው እኔ ልቅዳ ያሉት። ድኛለሁ ማለት አልችልም፤ ከሳምንቱ ሁለት ሦስት ሌሊት አሁንም ዓይኔ እንደፈጠጠ ነው። እንዲህ ባለ ረቡዕ ቧንቧው ያስላል፣ የእትዬ በር ይከፈታል፣ ጀሪካን ይንኳኳል። «ይሄ ደግሞ መቼ ሊሞላ ነው!» ይላሉ፣ ሆን ብለው በመስኮቴ በኩል። እኔ ብርድ ልብሴን እስከ አፍንጫዬ ስቤ፣ መንቃቴን እንዳይሰሙ፣ ቀስ ብዬ እተነፍሳለሁ።