ሦስት ጊዜ የተጠለለው ጭማቂ

ጨማቂዋን ሰፈሩ የሚያውቃት በእጇ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ብርቱካን ስትጨምቅ የአውራ ጣቷ ጥፍር ቢጫ ሆኖ ቀርቷል፤ የጨበጣት ሰው ቤቱ እስኪገባ መዳፉ ብርቱካን ብርቱካን ይላል። ልጆቿን ያሳደገችው በዚሁ እጅ ነው። አሁን ግን የተከራየቻት ሱቅ ልትፈርስ ስለሆነ የቀራት ተስፋ የሆስፒታሉ ክበብ ብቻ ነበር። የክበቡ ኃላፊም ቅዳሜ ጭማቂዋን ይዛ እንድትመጣና ከሌላ አቅራቢ ጋር እንደምትወዳደር ነገራት።

ምራቷ ከልቧ ልትረዳት ፈለገች።

"እማዬ፣ ለትልቅ ሰው ፍሬና ቅንጣቢ የሚዋኝበት ነገር አይቀርብም" አለቻት።

ጨማቂዋም እሺ ብላ በነጭ ጨርቅ ሦስት ጊዜ አጠለለችው። ሲያጌጡ ይመላለጡ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ቅዳሜ ክበቡ ውስጥ ኃላፊው አንድ ጊዜ ቀመሰና ብርጭቆውን ከተወዳዳሪዋ ጭማቂ አጠገብ አስቀመጠ።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ የታሸገ ነው። ሰዎች ግን ሐቀኛ ሴት ናቸው ብለውኝ ነበር።"

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ማፈሯ ሳያንስ ተናደደች፤ ንዴቱም በጃት። ለልጅ ልጇ የያዘቻቸውን ሁለት ብርቱካኖች ከቦርሳዋ አውጥታ፣ ከማድ ቤቱ ቢላ ተውሳ፣ እዚያው ፊቱ ጨመቀችና ሳታጠልለው ከተወዳዳሪዋ ብርጭቆ ጎን አኖረችው።

"ያን በጨርቅ ያበላሸሁት እኔው ነኝ። ይሄን ግን አሁን አትንካው፣ ልጄ። ስብሰባ አለብኝ ብለሃል፤ እሱን ጨርሰህ ና። ስጨምቅ ሁልጊዜ አጠገቤ አትቆምም፤ በእጅ የተጨመቀውን ከታሸገው መለየት ልወቅ ካልክ እየው።"

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲመለስ የተወዳዳሪዋ ጭማቂ እንደነበረ ነው። የእሷ ግን ላዩ ቀጥኖ፣ ወፍራሙ ታች ተኝቷል።

"ተበላሸ እንዴ?"

"ከእጅ የወጣ ሲቀመጥ ለሁለት ይከፈላል። ያኛው እስኪመሽም ያው ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል አልሰማህም?"

ኃላፊው በማንኪያ አማስሎ ጠጣ። መሀል ላይ ቆም አለና ከአፉ አንዲት ፍሬ አውጥቶ ከፊቱ ባለው ወረቀት ላይ አስቀመጣት። ጨማቂዋ ልታነሣት እጇን ዘረጋች። እሱ ግን ፍሬዋን አይቶ ፈገግ አለ።

"ሰኞ በጠዋት ይምጡ፣ እትዬ። ጨርቁን ግን ቤት ይተዉት።"