ከሽንኩርቱ ሥር የነበረችው ዝንብ

ጓዳዬ ውስጥ አንድ ሽንኩርት የበሰበሰ እንደሆነ፣ ሽታው የቧንቧ ውሃ ካለው የከተማ ቤቴ አንሥቶ ያደግሁበት ገራዶ፣ እናቴ ጓሮ ያደርሰኛል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ ዐይኔን ጨፍኜ ጥቂት እቆያለሁ።

ልጅ ሳለሁ አንድ ዓመት መስከረም ሲጠባ እናቴ ጓሮውን በሙሉ ሽንኩርት ተከለችበት። እኅቴ ከድጃ በጥር ልትዳር ስለነበር፣ የሰርጉ ወጥ በገዛ ሽንኩርታችን ይሠራ ብላ ቆርጣ፣ ቶሎ እንዲወፍርላት ከበረት ትኩሱን እበት እየዛቀች በየመደቡ ትጨምር ነበር። ለከድጃ ከሆነ እናቴ ልክ አታውቅም ነበር።

ጥቅምት ላይ ጎረቤታችን እትዬ ዘሐራ አጥሩን ተደግፈው፣ «ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ሽንኩርት አይቼም አላውቅ!» አሉና ሄዱ። እናቴ ዓይን እንዳይበላ የሚባለውን «ማሻ አላህ» ስትጠብቅ ቀረች።

እኔ በዚያ ወራት ከትምህርት ቤት ስመለስ መደቡ ዳር በሆዴ ተኝቼ ዝንቦች አይ ነበር። ግራጫ፣ ከቤት ዝንብ ቀጠን ያሉ ነበሩ፤ በቅጠሉ ቁልቁል ወርደው፣ አፈሩን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው፣ ጅራታቸውን ስንጥቁ ውስጥ ከተት ሲያደርጉ ጤፍ የምታህል ነጭ ነገር ትቀር ነበር። ፀሐዩ ጀርባዬን እያሞቀው፣ የቦዩ ውሃ እየተንሿሿ፣ ማየቴና ማለሜ ይምታቱብኝ ነበር። ለእናቴ ስነግራት፣ «ዝንብ ቢሰበሰብ መግላሊት አይከፍትም» ብላ ሳቀችብኝ።

ኅዳር ሲገባ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይተኛ ጀመር፤ ስንነቅለው ሥሩ በስብሶ ይከረፋ ነበር። እናቴ መደቡ መሀል ቁጭ ብላ አለቀሰች። «ዓይን በላው! የዘሐራ ዓይን!» አለችና እትዬ ዘሐራን ለሰርጉ ላትጠራ ማለች። ወንፊት መዋዋሱም፣ በአጥር ላይ መጨዋወቱም ቀረ። እኔን ያሳደጉኝ ግማሹን እሳቸው ነበሩና፣ ከሽንኩርቱ ይልቅ ይኸ አንጀቴን በላው።

ስለዚህ አንዲቱን ዝንብ ከሥሩ ካወጣኋቸው ነጫጭ ትሎች ጋር በክብሪት ቀፎ ከትቼ፣ በቀበሌያችን ለምትዞረው የግብርና ባለሙያ አሳይቼ፣ እጇን ጎትቼ ጓሯችን አመጣኋት። አፈሩን ጫር ጫር አደረገችና፣ «የሽንኩርት ዝንብ ናት። እንቁላሏን አፈር ውስጥ ትጥላለች፣ ትሎቹ ሥሩን ይበላሉ» አለች። ቀጥላ፣ «ትኩስ እበት ማን ጨመረበት? ሽታው እኮ ነው የጠራት» ስትል እናቴ ቀስ ብላ፣ «እኔ ነኝ» አለች።

በዚያው ቀን ከሰዓት እናቴ አጥሩን ዞራ እትዬ ዘሐራ ዘንድ ሄደች፤ እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኋት።

«እትዬ፣ ዓይንዎን አምቼው ነበር። የበላችው ዝንብ ናት፣ የጠራኋትም እኔው ነኝ። አፉ ይበሉኝ።»

እትዬ ዘሐራ የእናቴን እጅ ያዝ አደረጉ። ከዚያ፣ «አይ ልጄ! ማሻ አላህ ማለቱን የረሳሁት እኮ፣ ከድጃ በዚህ ሽንኩርት ተድራ ልትሄድ ነው ብዬ ሆዴን ባር ባር ቢለኝ ነው» አሉ። ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ፤ በጥርም የሰርጉን ሽንኩርት፣ ከገበያ የመጣውን፣ ከማንም ቀድመው መክተፍ የጀመሩት እሳቸው ነበሩ።

ዛሬ ዝንብ ቢያጋጥመኝ በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ስሟን ወዲያው አገኛለሁ፤ ክብሪት ቀፎም፣ ባለሙያ ፍለጋም የለም። ከግንቡ ወዲያ ያለችው ጎረቤቴ ግን ካኮረፈችኝ ዓመት ሊሞላ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነም አሳምሬ አውቃለሁ። እናቴ አጥሩን ለመዞር ግማሽ ቀን አልፈጀባትም ነበር፤ እኔ እስካሁን የጎረቤቴን ደጅ አላንኳኳሁም።