ለሜሮን የተደወለው ስልክ

ባለፈው ወር እናቴን ዓይኗን ለማሳየት ሆስፒታል ወስጃት ነበር። ከሥራ አስፈቅጄ የሄድኩት ላስተረጉምላት ብዬ ነው፤ ስንደርስ ግን ሆስፒታሉ ራሱ አስተርጓሚ መድቦላት ጠበቀን። እዚሁ ለንደን የተወለደች፣ አማርኛዋ ረጋ ያለ ልጅ ናት። ሐኪሙ ብዙ ተናገረ። ልጅቷ ትንሽ አሰብ አድርጋ "እማማ፣ እርስዎን ይህን ያህል የሚያሳስብ ነገር የለም፤ ብቻ..." ብላ ስትጀምር እናቴ እጇን ያዝ አደረገቻት።

"ልጄ፣ እሱ እንዳለው ንገሪኝ። አታሳምሪልኝ።"

ልጅቷ ደንገጥ አለች። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እናቴ ይህን ቃል መጀመሪያ የተናገረችው ለእኔ ነው፤ ያኔ አሥራ አምስት ዓመት ሊሆነኝ ነበር።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ የምንኖረው ኪልበርን ዋናው መንገድ ላይ፣ ከምንጣፍ መሸጫ ሱቅ በላይ ባለች ፍላት ውስጥ ነው። አባዬ ፓርክ ሮያል፣ አንድ የምግብ ፋብሪካ ውስጥ ሽንኩርት መክተፊያ ማሽን ላይ ይሠራል፤ ቢታጠብ ቢታጠብ ሽታው አይለቀውም። እማዬ ደሴ እያለች የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች። እህቴ ሜሮን በሦስት ዓመት ታንሰኛለች። ኩላሊቶቿ ሥራ ያቆሙት ገና በዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ሆዷ ላይ ቀጭን ቱቦ ተተከለላት። በዚያ በኩል ንጹሕ ፈሳሽ ይገባል፣ ሆዷ ውስጥ ሰዓታት ይቆያል፣ ኩላሊት ሊያወጣው የሚገባውን ቆሻሻ ይዞ ይወጣል፣ ሌላ ይተካል። ይህ ሁሉ በቀን ደጋግሞ፣ ቤት ውስጥ፣ በእማዬ እጅ ይሠራል። መስኮት ይዘጋል፤ እጅ እስኪቀላ ይታጠባል፤ ማንም አያስልም። ፈሳሹ በካርቶን ተጭኖ ይመጣና ኮሪደሩን ሞልቶ ወደ ሳሎኑ ያልፋል። ጠረጴዛ የምናስቀምጥበት ቦታ ስላልነበረን ካርቶኖቹ ላይ አንሶላ አንጥፈን እንማርበት ነበር። ወሩ ሲጋመስ ጠረጴዛችን እያነሰ ይሄዳል፤ ወሩ ሲያልቅ መሬት ቁጭ ብለን እንጽፋለን።

ከትምህርት ቤት ያስቀረችኝ እማዬ ናት። መጀመሪያ የቀረችው ሜሮን ነበረች፤ ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት እያለች መማር አልሆነላትም። ቀጥሎ አንድ ጉንፋን ከክፍል ወደ ቤት ይዤ ገባሁና እሷን ሆስፒታል አስተኛት። እማዬ ያን ጊዜ "ከእንግዲህ ሁለቱንም የማስተምራቸው እኔ ነኝ" አለች።

"በምን እንግሊዝኛሽ?" አላት አባዬ።

"ሒሳብ እንግሊዝኛ አይደለም" አለችው።

እንደዚያ ተጀመረ። እንግሊዝኛውን ከቤተ መጻሕፍት ባመጣናቸው መጻሕፍት እኔና ሜሮን እርስ በርስ ተማማርን። ሌላውን እማዬ በአማርኛ ታስተምረናለች። ፈሳሹ ሲቀየር ሜሮን ጋደም ብላ መንቀሳቀስ ስለማትችል ያ ሰዓት የቃል ጥያቄ ሰዓት ነበር። እማዬ አፏን በጭንብል ሸፍና የአገር ዋና ከተማ ትጠይቃለች፣ ወንዝ ትጠይቃለች። ሁልጊዜ የምትቀድመኝ ሜሮን ናት። ከታች አውቶቡስ የሚጠብቁ ተማሪዎች ሲጯጯሁ ይሰማናል። እንደ እነሱ ብሆን ብዬ የተመኘሁባቸው ጠዋቶች ብዙ ናቸው፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

የሜሮን ምግብም በጥንቃቄ ነበር፤ ኩላሊቷ የማያስወግደው ሁሉ ይመርዛታል። ድንች ሁለት ጊዜ ተቀቅሎ ውሃው ይደፋል። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲም አይገባም። ሽሮ እንኳ በማንኪያ ነው። ውሃ በትንሽ ብርጭቆ ተለክቶ ይሰጣታል፤ ሜሮን ይዛው ስትቆይ፣ እንዳያልቅባት ከንፈሯን ብቻ ስታስነካው አይ ነበር።

ብርዱ ገና ሳይወጣ፣ አንድ ጠዋት እማዬ ቃል ጽሕፈት እያጻፈችን ስልኩ ጮኸ። አነሳሁት። ሜሮንን የምትከታተላት ነርስ ነበረች። ለእህቴ የሚሆን ኩላሊት ሳይገኝ እንዳልቀረ፣ ምንም ሳትቀምስ አሁኑኑ ይዘናት እንድንመጣ ነገረችኝ። ለእማዬ ነገርኳት። ካርቶን ላይ ቁጭ አለች።

"እስቲ ድገመው።"

ደገምኩት። አማተበች። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ "ሜሮንዬ፣ ጫማሽን አድርጊ" አለች።

"ቃል ጽሕፈቱስ?" አለች ሜሮን።

"ስንመለስ እንጨርሰዋለን።"

በሚኒካብ ታክሲ ሄድን። አባዬ ከፋብሪካው በቀጥታ መጥቶ፣ ጸጉሩን የሚሸፍንበትን መረብ እንኳ ሳያወልቅ ደረሰብን። ሜሮንን ደም ቀዱላት፤ የሆስፒታል ልብስ አለበሷት፤ አንድ ሐኪም ኩላሊቱ የሚገባበትን ቦታ ሆዷ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገበት። ከዚያ መጠበቅ ሆነ።

"ስነቃ" አለች ሜሮን ጣሪያ ጣሪያውን እያየች፣ "አንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ እጠጣለሁ። ሳላቋርጥ። ከዚያ ኤፍሬም ትምህርት ቤት ይመለሳል።"

አፍ አውጥቼ ያልተናገርኩትን እንዴት እንዳወቀችው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እማዬ በበኩሏ መቁጠሪያዋን ይዛ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ለማን እየጸለየች እንደሆነ ስጠይቃት፣ "ልጇን ዛሬ ላጣችው እናት" አለችኝ። እኔ እስከዚያች ሰዓት ኩላሊቱ ከሰው እንደሚመጣ አስቤው አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ መጣና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሲቀመጥ ገባኝ። የደሙ ምርመራ አልተስማማም፤ የሜሮን ሰውነት ያንን ኩላሊት እንደ ጠላት ይዋጋዋል፤ ስለዚህ ለሌላ በሽተኛ ይሰጣል። በጣም አዝናለሁ አለ፤ ከልቡም ይመስለኛል። እማዬ አፌን አፌን ታያለች።

"እማዬ፣ ዶክተሩ የሚለው..." አልኩ። "የደሙ ምርመራ ትንሽ... ማለት ሌላ ጊዜ የተሻለ..."

ቃሉ ጠፋኝ። ከአልጋው ላይ ሜሮን ተናገረች።

"እማዬ፣ አልሆነም ነው የሚለው። ለሌላ ሰው ሊሰጡት ነው።"

እማዬ ወደ ሐኪሙ ዞራ "ታንክ ዩ" አለችው። ከዚያ ለእኔ፣ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ "ኤፍሬም፣ ሁለተኛ እንዳታሳምርልኝ" አለች። አባዬ በረንዳ ላይ ወጥቶ ቆመ።

በአውቶቡስ ተመለስን። ዝናብ ያካፋል። ከቤታችን በር አጠገብ ቺፕስ መሸጫ አለ፤ ባለፍን ቁጥር ሜሮን "ሽታው ብቻ ይበቃኛል" ትላለች፣ እማዬም እጇን ይዛ ታሳልፋታለች። ድንች ነው፣ ጨው ነው፤ ለእሷ መርዝ ማለት ነው። በዚያ ቀን ሜሮን ምንም አላለችም። እማዬ ራሷ ቆመች፤ ገባች፤ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ቺፕስ ይዛ ወጣች፤ "እንኪ" አለቻት።

ሜሮን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አንድ ሁለቱን ቀመሰች። ከዚያ አቆመች።

"እማዬ፣ ለምን ፈቀድሽልኝ?"

"ዝም ብለሽ ብዪ።"

"ለምን ፈቀድሽልኝ?"

እማዬ ቁልፉን አውጥታ በሩን ከፈተች። ሜሮን ወረቀቱን አጥፋ አስቀመጠችና ገብታ እጇን መታጠብ ጀመረች፤ ፈሳሹ የሚቀየርበት ሰዓት ደርሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ እማዬ ፈሳሹን በሰዓቱ ትቀይራለች፤ አንድም ቀን አላጓደለችም። ማስተማሩን ግን ተወችው። ሥራዋን ስትጨርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች። አንድ ጠዋት ሜሮን መጽሐፉን አነሳችና "ና፣ ቃል ጽሕፈቱን እንጨርስ" አለችኝ። ቀስ እያለች፣ ልክ እንደ እማዬ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር እየደገመች አጻፈችኝ። አንዱን ቃል ስታነብ አጥብቃ መጥራት ሲገባት አላላችው። ከመኝታ ቤቱ የእማዬ ድምፅ "ይጠብቃል" አለ። ሜሮን ቃሉን አጥብቃ ደገመችው። በማግስቱ ተነሥታ ማስተማሯን ቀጠለች፤ ነገ የሚለቀውን ቤት እንደሚጠርግ ሰው ግን ነበር የምታስተምረው።

ያ የሆስፒታሉ ስልክ ዳግመኛ አልተደወለም። ዘመድ በደወለ ቁጥር እማዬ የያዘችውን ጥላ ወደ ስልኩ ስለምትሮጥ አባዬ ሰው ሁሉ ቀን ቀን እንዳይደውል ለመነ። በሚቀጥለው ዓመት ቅጠል ሲረግፍ ሜሮን ሆዷ መገለባት። ቀድሞም ደርሶባት ድና ነበር፤ በዚህኛው ጊዜ ግን መድኃኒቱ አልያዘላትም። ከቀብሯ በኋላ ባለው ሳምንት ካርቶን የሚያመጣው ሾፌር መጣ። የነገረው ሰው የለም። እኔ በሩን ከፍቼ አፌን እስክፈታ ድረስ ግማሹን ደረጃው ላይ አውጥቶት ነበር። ስነግረው ቆቡን አወለቀ። ከዚያ አንድ በአንድ መልሶ አወረደው፤ እኔም አገዝኩት።

እኔ ትምህርት ቤት ተመለስኩ። በሒሳብ ከክፍሉ ልጆች ቀድሜ ተገኘሁ። መምህሩ ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀኝና እናቴ መሆኗን ስነግረው ዕድለኛ ነህ አለኝ።

አባዬ ካረፈ በኋላ እናቴ ስቶክዌል ወዳለች አነስ ያለች ፍላት ተዛወረች። ባለፈው ወር ከዓይን ሐኪሙ ወደዚያው ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። ለወትሮው ስለ ሜሮን አንነጋገርም። ቮክሶል አካባቢ ስንደርስ ግን ስለማን እንደምታወራ እንኳ ሳትነግረኝ፣ "ክፍልፋይ ጨርሳ መቶኛ ጀምራ ነበር" አለችኝ።

"አውቃለሁ" አልኳት።

ትምህርት የትም ቢሆን አይጠፋም ሲባል እሰማለሁ። የእኔ አልጠፋም፤ ሥራ ይዤበታለሁ፣ ልጆች አሳድጌበታለሁ። ያቺ ልጅ ግን ከእኔ የበለጠ ታውቅ ነበር። የአገሩን ሁሉ ወንዝ፣ የአገሩን ሁሉ ዋና ከተማ ታውቅ ነበር፤ ያወቀችውም አንዱ እንኳ ለምንም ሳይውል ቀረ። እናቴ አስተማሪ ናትና ይህን ከእኔ አስበልጣ ታውቃለች። ወሬዋን መቶኛው ላይ ያቆመችው ለዚህ ይመስለኛል።