ከቤቱ በፊት የጎረቤቱ በር

በቅርቡ ያረፉት አጎቴ ላስ ቬጋስ ካዚኖ ውስጥ የእንግዶችን መኪና ፓርክ ያደርጉ ነበር። ምኞታቸው ካሊፎርኒያ፣ ከባሕሩ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ቤት መግዛት ነበር። በእረፍት ቀናቸው እሳቸው ይነዳሉ፤ እኔ ካርታ አነባለሁ። ስንደርስ ግን የሚሸጠውን ቤት ትተው፣ ድፎ ዳቦ አስይዘው ወደ ጎረቤቱ ይልኩኛል።

«ጋሼ፣ የማያውቁንን ሰዎች በር እንዴት አንኳኳለሁ?»

«ቤትማ ቢያረጅ ቀለም ይቀባል፤ ጎረቤት ምን ይቀባል? ሂጂ እንጂ፣ ዲግሪውን ለመቼ ነው ያስቀመጥሽው!»

እኔ በሐፍረት ስቀልጥ እሳቸው ከኋላዬ ቆመው ይስቃሉ። አንዷ ዳቦ ሻጮች መስለናት «አልገዛም» ብላ ዘጋችብን። በመጨረሻ አንዲት ባልቴት ዳቦውን ተቀብለው ወደ ቤት አስገቡን፤ ዓሣም ጠብሰው አበሉን። አጎቴ የሚሸጠውን ቤት ውስጡን እንኳ ሳያዩ «ይኼን እገዛለሁ» አሉ። ገዙትም። ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ እሳቸው ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልቴቷ ቤት እየተጠለሉ ደስ ብሏቸው ኖሩበት።

ባለፈው ሳምንት ቤቱን ልከፍት ብቻዬን ሄድኩ። በረንዳው ላይ ወንበራቸው ባዶውን ተቀምጧል። ቁልፉን ሳላወጣ፣ ድፎ ዳቦዬን ታቅፌ የባልቴቷን በር አንኳኳሁ። ከኋላዬ የሚስቅ ሰው አልነበረም፤ በሩ ሲከፈት ግን ሁለታችንም ሳቅን።