ስድስተኛ ክፍልን የወሰደብኝ ሥልጠና

«እኔ በሰው አልቀናም» የሚል ሰው የሚቀናበት ሰው አጠገቡ አልተቀመጠም ማለት ነው። የእኔዋ አጠገቤ ነበረች። መርሳ በምናስተምርበት ትምህርት ቤት የመምህራን ማረፊያ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ተጋርተን ብዙ ዓመት ኖረናል። ያለ እሷ ምሳ አልበላም፤ ያለ እኔ ገበያ አትወጣም። እኔ የስድስተኛ «ሀ»ን ሳይንስ አስተምራለሁ፤ እሷ የስድስተኛ «ለ»ን።

ባልንጀሮች ብንሆንም በአንድ ነገር እበልጣት ነበር፤ ይህን ደግሞ እሷም፣ ርዕሰ መምህሩም፣ ተማሪውም ያውቃል። ጠመኔ ስይዝ መስመሬ አይዛነፍም። የእሷ ጽሕፈት ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው፤ ልጆቹ «ቲቸር፣ ያ ምን ይላል?» እያሉ ነው የሚገለብጡት። እኔ ምንም ባልተጻፈበት ነጭ ጆንያ ላይ በቀለም የሳልኩትን የሰው ልብ የጎረቤት ከተማ የውርጌሳ መምህራን ሳይቀሩ መጥተው አይተውታል። እሷም ትምህርቱ ሲደርስባት ትዋሰኝ ነበር። እያሾፍኩባት አውሳታለሁ፤ እየሳቀች ትወስዳለች።

በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ሁለታችንም ወልዲያ ለሥልጠና ተጠራን። የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል መምህራን በክፍል ውስጥ ቴክኖሎጂን እንዴት እንደሚጠቀሙ የምንማርበት ነው ተባለ። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ፕሮጀክተር ይሰጣል፤ ከተላኩት ሁለት መምህራን በመጨረሻው ቀን የተሻለ የማሳያ ትምህርት ያቀረበው ይረከባል። እስከዚህ ድረስ ግድ አልነበረኝም። እንቅልፍ የነሣኝ ርዕሰ መምህራችን ስንነሣ የተናገረው ነው።

«መብራት ያለው አንድ ክፍል ብቻ ነው» አለን። «ስለዚህ ፕሮጀክተሩን የያዘችው ሁለቱንም ስድስተኛ ክፍሎች ታስተምራለች፤ ሌላዋ አምስተኛ ክፍልን ትይዛለች።»

የስድስተኛ «ሀ» ልጆች የእኔ ናቸው። አምስተኛ ክፍል ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ለክልል ፈተናው እያዘጋጀኋቸው ነበር። የማንኛው አባት ሲሪንቃ እንደሚሠራ፣ የማንኛዋ እናት እንደታመመች አውቃለሁ። ለማንም አሳልፌ የምሰጣቸው ልጆች አልነበሩም፤ ለእሷማ በጭራሽ።

በየማለዳው ከመርሳ በሚኒባስ እንመላለስ ጀመር። አሠልጣኙ ጫማው የሚያብረቀርቅ ወጣት ነው። በመጀመሪያው ቀን ታብሌት አደለንና «ንኩት» አለን። ነካሁት። ዝም። ደግሜ ነካሁት። ጣቴ በጠመኔ ደርቆ ነው መሰለኝ መስታወቱ አልሰማ አለኝ። ጎን ለጎን የተቀመጠችው ባልንጀራዬ ግን ጣቷን ወዲያ ወዲህ እያንሸራተተች ሦስተኛው ገጽ ላይ ደርሳለች። ስንት ዓመት «ምነው ስልክሽ ላይ ተጥደሽ ዋልሽ!» እያልኩ ስቆጣት ኖሬያለሁ፤ ለካ ሥልጠና ላይ ነበረች።

አሠልጣኙ ችግሬን አይቶ መጣና «እናታችን፣ ልርዳዎት?» አለኝ። እናታችን! ወዲያው ወደ እሷ ዞሮ «እህታችን ግን ጎበዝ ነሽ» አላት። በመካከላችን ያለው አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከዓመት የጎደለ ነው። ሻይ ሰዓት ላይ ይህን ለሌሎች እያወራች ስትስቅ አብሬ ሳቅሁ። ሆዴ ግን አልሳቀም።

ቀን በጨመረ ቁጥር እሷ እየፈካች፣ እኔ እየጠወለግሁ ሄድኩ። ከሐራ የመጡት መምህራን እኔን ትተው እሷን ይጠይቁ ጀመር፤ ጽሕፈቷን ደግሞ ማንም አያየውም፤ ማሽኑ ነው የሚጽፍላት። አንድ ተስፋ ነበረኝ። ከሰዓት በኋላ መብራት ይጠፋል። ሲጠፋ ሁሉም ታብሌቱን አስቀምጦ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ይዞራል፤ ያኔ እኔ እነሣለሁ። ለማሳያው ቀን ዋዜማ ለገብርኤል ተሳልኩ፦ «ነገ እሷ ስታስተምር መብራት አጥፋልኝ፤ ጧፍ አስገባልሃለሁ» አልኩ። መብራት ለማስጠፋት ጧፍ የተሳለ ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም።

በማሳያው ቀን አንዱ ሲያስተምር ሌሎቻችን ተማሪ ሆነን እንቀመጣለን። እኔ ቀደምኩ። ያን የልብ ሥዕል ጠቅልዬ ይዤው ሄጄ ስለነበር ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት፤ ደሙ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በዘንግ እያሳየሁ አስተማርኩ። ትልልቆቹ ሰዎች እንደ ልጅ እጅ እያወጡ መለሱልኝ። አጨበጨቡልኝ። አሠልጣኙም አጨበጨበና «በጣም ያምራል፤ ግን እናታችን፣ ቴክኖሎጂውስ?» አለኝ። ፕሮጀክተሩ አጠገቤ ተቀምጧል፤ ረስቼዋለሁ።

ቀጥሎ እሷ ተነሣች። ርዕሳችን አንድ ነበር። ፕሮጀክተሩን ስትከፍት ምስሉ ግድግዳው ላይ አልታይ አለ፤ ግድግዳው አረንጓዴ ዘይት ቀለም የተቀባ ነው። ለማሳያ የሚሆነውን ነጭ ሸራ ሌላ ክፍል ወስደውታል። ደስ አለኝ፤ ምን እደብቃለሁ። እሷ ዞር ዞር ብላ አየችና ዓይኗ ጆንያዬ ላይ አረፈ።

«አንች እህቴ፣ አንዴ ልገልብጠው?» አለችኝ።

ሰው ሁሉ እያየኝ እንቢ እላለሁ? «ገልብጭው» አልኳት።

ገለበጠችው። የእኔ ሥዕል ፊቱን ለግድግዳው ሰጠ፤ ነጩ ጀርባው ላይ የእሷ ልብ መጣ። ይመታል። በሮቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ደሙ ይገባል፣ ይወጣል። ተማሪ የሆኑት መምህራን ተማሪነታቸውን ረስተው ጮኹ። እኔ ያን በር ስንት ዓመት በቀስት ሳሳይ ኖሬ ሲከፈት ያየሁት ያን ቀን ነው። ቅናት እንዲህ ነው፤ አፍህን ከፍተህ እያየህ ታርራለህ። በየቀኑ የሚጠፋው መብራት ያን ቀን እስኪመሽ ድርግም አላለም።

ፕሮጀክተሩን ተረከበች። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ ሕፃን አቅፋዋለች። ሲሪንቃን እንዳለፍን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አንች፣ አብሽሪ። ስድስተኛ ‹ሀ›ን አንችው ያዥ። ማሽኑን እኔ እየገባሁ እከፍትልሻለሁ። ለርዕሰ መምህሩ እኔ እነግረዋለሁ።»

«የሰው ፍርፋሪ አልበላም» አልኳት።

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከአፌ ያመለጠኝ ነገር ልጆቼን እንደሚያስከፍለኝ አውቄዋለሁ፤ መመለሻው ግን ጠፋኝ።

ሰኞ አምስተኛ ክፍል ገባሁ። ክፍላችን መብራት ካለው ክፍል የሚለየው በችፑድ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ወዲያ ማዶ ሲያስነጥሱ ወዲህ «ይማርሽ» ይባላል። ትንሽ እንደቆየን የስድስተኛ «ሀ» ልጆች ሳቅ መጣ። ቀጥሎ ጭብጨባ። የየትኛው ልጅ ድምፅ እንደሆነ እንኳ እለየዋለሁ። ሰሌዳው ላይ የምግብ ዓይነቶችን ጽፌ ስለነበር «በሉ፣ ሁላችሁም ከእኔ ጋር!» አልኩ። «ፕሮቲን!» አስባልኳቸው። «ከፍ አድርጉ! ካርቦሃይድሬት! አሁንም ከፍ! ቅባት!» ከማዶ ሲያጨበጭቡ እኛ እንጮኻለን። ሕፃናቱ የአንገታቸው ሥር እስኪገታተር ጮኹልኝ። ያን ጊዜ የማስተምር ሳይሆን የምዋጋ ነበር የምመስለው።

ፊት ወንበር የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እኛስ መቼ ነው እዚያ የምንገባው?»

ሁሉም እየጮኹ ወደ ችፑዱ ሲያዩ እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት።

«ነገ» አልኳቸው።

እንዲያ ዓይናቸው ሲበራ አይቼ አላውቅም። ነገ ማለት ግን እሷን መለመን ነው። የቀረውን ጊዜ የምለምንበትን ቃል ሳወጣ ሳወርድ ደወሉ ተደወለ። ማረፊያ ክፍላችን ስገባ ምሳዋን ከፍታ እየጠበቀችኝ ነበር። ተቀመጥኩ። አፌን ከመክፈቴ በፊት እሷ ተናገረች።

«የልጆቹን ጩኸት ስሰማ ነበር። ለርዕሰ መምህሩ ነግሬዋለሁ። ነገ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አምስተኛ ክፍል ይገባል። የምታስተምሪያቸው አንችው ነሽ፤ እኔ ማሽኑን ከፍቸልሽ እወጣለሁ። በይ ብይ።»

ለልመና ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ትርፍ ሆነ። ማመስገን ነበረብኝ፤ አመሰገንኩም። ፕሮጀክተሩን የተረከበች ዕለት እንኳ እንደዚያ ቀን አልቀናሁባትም።