ደሙን አይንኩት
በረኪና በሸተተኝ ቁጥር፣ የመሥሪያ ቤት ደረጃ ላይም ይሁን የሰው ደጅ፣ ጎፋ የነበረው ቤታችን ጓሮ ፊቴ ድቅን ይላል፤ እማዬ እጅጌዋን ሰብስባ የወንድሜን አንሶላ ሳፋ ውስጥ ስትዘፈዝፍ፣ እኔም ሰው እንዳይመጣ አጥሩ ሥር ቆሜ ስጠብቅ።

ወንድሜ ብሩክ በአራት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። ከተወለደ ጀምሮ ደሙ ቶሎ አይረጋም። ሐኪሞቹ ሄሞፊሊያ ይሉታል፣ እኛ ቤት ግን «የብሩክ ነገር» ነበር የሚባለው። ሌላ ልጅ ወድቆ አቧራውን አራግፎ ሲሮጥ፣ እሱ ጉልበቱ ውስጥ ደም ይቋጥርና ሳምንት ሙሉ ይተኛ ነበር። ሲብስበትም ሆስፒታል ተወስዶ ደም ይሰጠው ነበር። ኳስ ስለተከለከለ ዳኛ ሆነ፤ በራችን ላይ በርጩማ አውጥቶ ተቀምጦ በፉጨት የሰፈሩን ልጆች ሲያዝ ማንም አይከራከረውም ነበር።

ደርግ ከወደቀ ስድስት ዓመት ገደማ ሆኖት፣ እኔም አሥር ዓመት ሞልቶኝ ነበር፤ በጋው ላይ ብሩክ ከሳ፣ ሳሉም አልለቅ አለው። እማዬና አባዬ የምርመራውን ውጤት ሊቀበሉ አብረውት ሄደው ሲመለሱ፣ እማዬ ነጠላዋን ሳታወርድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ አባዬ በጠራራ ፀሐይ በሩን በቁልፍ ዘጋው። ብሩክ ከተሰጡት ደሞች በአንዱ፣ በየትኛው እንደሆነ ማንም ሊነግረን ባልቻለው፣ ኤች አይ ቪ ገብቶበት ነበር። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አባዬ ወደ እኔ ዞሮ፣

«ይኼ ነገር ከዚህ ቤት ከወጣ ወንድምሽን በቁሙ ቀበርሽው ማለት ነው። ገብቶሻል?» አለኝ።

ገብቶኛል። በዚያ በሽታ የተጠረጠረች አንዲት ሴት ከተከራየችበት ቤት ዕቃዋ ደጅ ተወርውሮ ስትባረር በዓይኔ አይቻለሁ። እማዬም የብሩክን ደም በባዶ እጄ እንዳልነካ፣ ሰው ሲጠይቀኝም «ሳንባውን አሞት ነው» እንድል አስጠናችኝ። በፋሲካ ዘመዶቻችን መጥተው ብሩክ ሕፃን ሲያቅፍ፣ በማቀፍ እንደማይተላለፍ ሐኪሙ ቢነግራትም፣ ትንፋሿን ውጣ ታየው ነበር። እሱም ይህን አየ፤ ከዚያ ወዲያ ሕፃን መንካት ተወ፣ ዳኝነቱንም ተወ።

ክረምቱ ገባ። ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት፣ አባዬ ሥራ ላይ ሳለ፣ እማዬም መካኒሳ አቦ ለቅሶ ልትደርስ ሄዳ፣ ቤት የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነበርን። ብሩክ ግቢው ውስጥ ጭቃ አንሸራትቶት በአገጩ ወደቀና ምላሱን ነከሰ። ደሙ ሸሚዙን ሲያርሰው ጩኸቴን ለቀቅኩት። አጥራችን ጥግ ሱቅ የነበራቸው እትዬ ዘይነባ ሰምተው እየሮጡ ገቡ፤ «ውይ ልጄን! አፍህን ክፈት እስቲ» ብለው እጃቸውን ሰነዘሩ። ጣታቸው ላይ የታሰረውን ጨርቅ አየሁ፤ ጠዋት ቆርቆሮ ቆርጧቸው ነበር። የአባዬ ቃል ትዝ አለኝ፣ ብሩክም ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«እትዬ ዘይነባ፣ ደሙን አይንኩት!»

«ምን ሆነሻል አንቺ? ልጁ እየደማ!»

«በሽታው አለበት!»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ዞረው ወጡ። ጥለውን ሸሹ ብዬ ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ግን ወዲያው ሁለት እጃቸውን ፌስታል ውስጥ ከትተው፣ ንጹሕ ፎጣ ይዘው ተመለሱ፤ ፎጣውን አፉ ውስጥ ጠቅጥቀው «ንከስ፣ አጥብቀህ ንከስ» እያሉ አስፋልት ድረስ ደግፈውት ወጡና ታክሲ አስቁመው ሆስፒታል አደረሱት።

ብሩክ አሥራ አንድ ቀን ተኛ። ላባዬ ያደረግኩትን ስነግረው አልመታኝም፤ ተነስቶ በሩን እንደገና በቁልፍ ዘጋው። ቦኖ ውሃ ልቀዳ ስሄድ፣ ሁለት ሴቶች ከሳቁ በእኛ ይመስለኝ ነበር። ብሩክ ወጥቶ ቤት ሲገባም አላናገረኝም፤ ነሐሴ እንዲሁ አለቀ።

አዲስ ዓመት እንዳለፈ እትዬ ዘይነባ አራስ የነበረችው ልጃቸው የወለደችውን ሕፃን ታቅፈው ቤታችን መጡ። አባዬ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ስለ ምስጢሩ ሊለምናቸው ሲጀምር፣

«ልጅ ወደቀ፣ አነሳሁት፤ ሌላ ምን የማወራው አለኝ?» አሉና ሕፃኑን ብሩክ ጭን ላይ አስቀመጡት። «እስቲ ያዝልኝ፣ ክንዴ ዛለ።»

እማዬ ከወንበሯ ተነሳች። ብሩክ መጀመሪያ እጁን ወደኋላ ሸሸገ፣ ቀስ ብሎ ግን አቀፈው፤ ከዚያ እንባው መጣ። ያን ቀን ማታ «ውሃ አቀብዪኝ» አለኝ፤ ከሁለት ወር በኋላ ያናገረኝ የመጀመሪያው ቃል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ክፉ ነበሩ፤ ሁለት ጊዜ ተስፋ ቆርጠንበታል። ብሩክ ግን መድኃኒቱ አገር ውስጥ ገብቶ በነፃ መሰጠት እስኪጀምር በሕይወት ቆየ። ዛሬ አርባ አልፎታል፣ ሒሳብ ያስተምራል፣ ግራ ጉልበቱ አይታጠፍም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁሉን የምታውቅ ሚስትም አለችው። አምና ስለዚያ ሐምሌ አንስቼ ይቅርታ ብጠይቀው ሳቀብኝ።

«አፌን ደም ሞልቶት እንጂ እኔው ልነግራቸው ነበር፤ የተቆጣሁሽ ስለቀደምሽኝ ነው» አለኝ።

አሁን ምሳ ላይ፣ እንግዳ ተቀምጦ እያለ፣ ኪኒኑን አውጥቶ በውሃ ይውጣል፤ ቀና ብሎ የሚያየውም የለም። ያኔ ግን የቤታችን ኑሮ ሁሉ የቆመው በአንዲት ሴት ዝምታ ላይ ነበር።