የትልሙ ጥላ

ያን ዕለት ሱሉልታ እርሻው ላይ ስድስት ሰዎች ነበርን። ሁሉም ኦቦ የሚላቸው የመሬቱ ባለቤት፣ አስተማሪ የሆነችው ልጃቸው፣ ሦስት የሰፈሩ ወጣቶች እና እኔ። ከወጣቶቹ አንዱ ቀይ ሹራብ ለብሷል፣ አንዱ ዱላ ይዟል፣ ሦስተኛው ሞባይሉን ይነካካል።

አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ እርሻዎች ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን የተነሳ መንገድ በተቃውሞ በየቀኑ የሚዘጋበት ጊዜ ነበር። ኦቦ ከሳምንት በፊት እኔ ወደምሠራበት ፎቶ ቤት መጥተው፣ "መሬቱን አንሳልኝ። ከተወሰደ ልጆቼ ምን ይመስል እንደነበር ይዩት" ብለውኝ ነበር። በአራት ሰዓት ሄጄ፣ ፀሐይን ከጀርባዬ አድርጌ አነሳሁላቸው። ፎቶ ቤት ውስጥ የሰው ፊት የምናነሳው እንደዚያ ነው፤ ጥላ ከተገኘ በኮምፒውተር ይጠፋል። ኦቦ ፎቶውን አይተው መለሱልኝ።

"ይሄ የማንም ሜዳ ነው። ትልሙ የታለ? ቁልቁለቱስ?"

እውነታቸውን ነበር። መሬቱ የተዘረጋ ጨርቅ መስሏል።

ስለዚህ በአሥራ አንድ ሰዓት ተመለስኩ። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከጎን ስትመጣ እያንዳንዱ ትልም የራሱን ጥላ ያዘ፤ ቁልቁለቱ ወደ ወንዙ ሲታጠፍ በግልጽ ታየ። ካሜራዬ አሮጌ ስለሆነ በዚያ ብርሃን ካልቆመ ያደበዝዛል። ባለ ሦስት እግሩን መቆሚያ ተከልኩ። ያኔ ነው ወጣቶቹ አጥሩን ዘለው የመጡት።

"ኮቱ! ና እይ፣ መሬት ለኪው መጣልህ!" አለ ባለዱላው። "ማነው የላከህ? ንቀለው!"

"ካሜራ ነው እኮ" አለች ልጃቸው።

"ካሜራ ከመቼ ጀምሮ ነው ሦስት እግር ያበቀለው፣ ቲቸር?"

መቆሚያውን አልለቀቅኩም። "አልነቅለውም። አሥር ደቂቃ ስጡኝ፣ ከዚያ ስበሩት" አልኩ። ባለቀይ ሹራቡን በካሜራው እንዲያይ ጋበዝኩት። ጎንበስ ብሎ ቆየ።

"ኧረ፣ ትልሙ ብድግ ብሏል እኮ!" አለ።

በዚህ መሀል ኦቦ ከታች እየጮኹ መጡ። ባለዱላው ፊት ቆመው በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ዱላው ዝቅ አለ። እሳቸውም ለአንድ አፍታ ሳይንቀሳቀሱ ቆሙ። የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩት።

በፎቶው ላይ ግራ ጉንጫቸው በርቷል፣ ቀኙ ጨለማ ነው። አፋቸው ተቆጥቷል፤ ዓይናቸው ግን ከባለዱላው አልፎ እርሻውን ያያል። የጋቢያቸው ጫፍ ደብዝዟል። ከኋላቸው ትልሞቹ ተጣመው ይወርዳሉ።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት "ግማሽ ፊታቸው ጠፍቷል፣ አብራው" አለኝ። ካበራሁት መሬቱ መልሶ ጨርቅ ይሆናል። እምቢ ብዬ እንዳለ አተምኩት። ኦቦ ፎቶው ላይ በጣታቸው አንዱን ትልም ተከትለው ሄዱና አንድ ድንጋይ ላይ ቆሙ። "ማረሻዬ እዚህ ተሰብሯል" አሉ። አልመለሱትም።

የቀረኝ ከፎቶው ሥር የሚጻፈው ነው፤ ኦቦ ያን ጊዜ ለባለዱላው ያሉትን ሳልጽፍ አልተወውም። እኔ ብርሃኑን እያየሁ አልሰማኋቸውም፤ ልጃቸው "አያትህ ያረሰው ነው" እንዳሉ ትናገራለች፣ እሳቸው ግን "አላልኩም" ይላሉ። ባለዱላው፣ ባለቀይ ሹራቡ፣ ሞባይል ስትነካካ የነበርከው፦ ቃሉን በትክክል የምታስታውሱ ካላችሁ ንገሩኝ። በኦሮምኛ፣ እሳቸው እንዳሉት።